ልጆችን ከአገር ዘር ጋር ለማስተዋወቅ የቱ ይሻላል፦ ጉለሌ፣ መሀል ከተማ ፓርክ፣ ሾላ ገበያ ወይስ የራሳችን ግቢ?

ሰሞኑን ሶስት ጓደኞቼ ተራ በተራ ደውለው ያው አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ፣ ቅዳሜ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው፣ አንቺ ያን የዘርና የእፅዋት ነገር ትወጂው የለ፣ የቱ ይሻላል? እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ነው ምኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ ዘጠኝ አመቷ ነው ትንሹ ደሞ አምስት ሊሞላው ነው፣ እና አራት አመት ሙሉ በየወቅቱ አንዳንዴ ጉለሌ የእፅዋት ማእከል፣ አንዳንዴ እዚሁ ቅርባችን ያሉት ፓርኮች፣ አንዳንዴ ሾላ ገበያ፣ አንዳንዴም ግቢያችን ውስጥ ጎረቤት ሰብስበን ሞክረነዋል። ሁሉም የየራሱ ወር አለው፣ ሁሉም ለሁሉም ልጅ አይሆንም፣ ስለዚህ እያነፃፀርኩ ልንገራችሁ።

መለኪያዬን ግን ከአሁኑ ልናገር፣ በሌላ መለኪያ ከለካችሁት ሌላ መልስ ነው ምታገኙት። እኔ ማየው ልጁ ማታ ቤት ሲገባ ምን ይዞ ገባ ሚለውን ነው። ፎቶ ብቻ ይዞ ከገባ ጥሩ ሽርሽር ነበር፣ ደስ ይላል። በኪሱ አምስት ፍሬ ባቄላ ይዞ፣ የማን ዘር እንደሆነ አውቆ፣ የት ልትተክለው ነው ሲባል ቦታውን ካሳየኝ ግን ያ ቀን ገና አላለቀም፣ አራት ወር ይቀጥላል።

ይሄን መለኪያ ያመጣሁት ከመፅሀፍ አይደለም። አንድ ጊዜ የአገር ዘር በአል ነው ተብለን ልጆቹን አልብሰን ሄድን፣ ሶስት ሰአት ሙሉ ንግግር ነበር፣ ዘሩ በመስታወት እቃ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፣ ልጄ እጇን ስትዘረጋ "አትንኪ" አሏት። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "እማ፣ ዘሩ ታሟል እንዴ?" አለችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ የትም ፕሮግራም ከመሄዴ በፊት ደውዬ ምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ልጆቹ ዘሩን ይነኩታል ወይ፣ ይዘው ይመለሳሉ ወይ። መልሱ አይ ከሆነ ሌላ ቀን ነው ምሄደው፣ ወይም ልጆቹን ትቼ ብቻዬን።

የአገር ዘር ስንል ምን ማለታችን ነው ለሚለው በአጭሩ፦ ገበሬው ከራሱ ምርት እየመረጠ፣ ከአባት ከእናት እየተቀበለ፣ በየአመቱ መልሶ ሚዘራው ነባር ዘር ነው። ምርጥ ዘር ሚባለው ደሞ ከምርምር ማእከል ወይ ከድርጅት ሚመጣው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ምርጥ ዘር ሁሉ ድጋሚ አይዘራም ብሎ ማሰቡ ነው። ለምሳሌ ቁንጮ ጤፍ ከደብረ ዘይት ምርምር የወጣ ምርጥ ዘር ነው ግን ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩን አስቀምጦ መዝራት ይቻላል። ዲቃላ በቆሎ ግን ከምርቱ ዘር ብትወስዱ የሚቀጥለው አመት አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ አንዱ ያፈራ አንዱ ያላፈራ ሆኖ ነው ሚወጣው። ለልጅ ዘር ስትመርጡ ይሄ ልዩነት ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ዘሩን አስቀምጦ መልሶ ሲዘራ ያው ተክል ካልመጣለት ያዝናል።

ጉለሌ የእፅዋት ማእከል

705 ሄክታር ነው። በአንድ ቀን እናዳርሰዋለን ብላችሁ አትሂዱ፣ ልጅ ይዞ አይዳረስም። በከተማ አስተዳደሩና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ ነው፣ ከከተማው ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ይበርዳል፣ ፒያሳ ላይ ሹራብ ያወለቀ ልጅ እዛ ሲደርስ መልሶ ይለብሳል፣ ስለዚህ ጃኬት፣ ውሀ፣ ዳቦ፣ የተዘጋ ጫማ። ለልጆች ምወድለት ምክንያት እዛ ያለው ዛፍ አብዛኛው አያቶቻችን በስሙ ሚያውቁት መሆኑ ነው፣ ፅድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ አምጃ፣ ቀጋ። እኛ መሀል ከተማ ያደግን ሰዎች ፅድ ምንለው እኮ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ፅድ ነው። ልዩነቱን ለልጅ ማሳየት በጣም ቀላል ነው፦ የአገሩ ፅድ ፍሬው ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ ሚያደላ ነው፣ የፈረንጁ ደሞ ደረቅ እንጨት መሳይ ድቡልቡል ነው። ልጄ ይሄን ካወቀች በኋላ መንገድ ላይ ያየችውን ፅድ ሁሉ ቁልቁል ፍሬውን ፈልጋ ነው ምትፈርደው። ኮሶም ጋ ሴትና ወንድ ዛፍ ለየብቻ እንደሆነ ንገሯቸው፣ የሴቷ አበባ ቀላ ይላል፣ ድሮ ለኮሶ ትል ሚጠጣው እሱ ነው፣ ልጆች ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ሚሆነውን ማየት ነው።

ጉለሌን ምመክረው ሰባት አመት ላለፈው ልጅ ነው። ከዛ በታች ያለው አንድ ሰአት ከሄደ በኋላ እሹሩሩ ነው፣ ዳገቱን ተሸክማችሁት ነው ምትወጡት። ወሩ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ህዳር ነው፣ መሬቱ ገና ለምለም ሆኖ ጭቃው ጠፈፍ ብሎ፣ አደይም በየጥጉ። በክረምት ለችግኝ ተከላ ሚሄድ ቡድን ካገኛችሁ አስር አመት ላለፋቸው ልጆች በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ቦት ጫማና ቅያሪ ልብስ ግድ ነው።

ድክመቱን ደሞ ልናገር። ጉለሌ የዱር እፅዋት ቤት ነው፣ ምትበሉትን እህል ዘር ፍለጋ ከሄዳችሁ ቦታው እሱ አይደለም። ዘር መልቀምም ቅጠል መቁረጥም ተገቢ አይደለም፣ ልጆቹ እንደዛ እንዳያረጉ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ለዚህ ያገኘሁት መላ፣ ከዛ ሚያመጡት ዘር ሱሪያቸው ላይ ተጣብቆ የመጣውን ጭጎጎት ብቻ ነው፣ ቤት ገብተን እየነቀልን እንቆጥረዋለን፣ ማን ብዙ ተሸክሞ መጣ እያልን፣ ዘር እንዴት እንደሚጓዝ ከዚህ በላይ ሚያስተምር ነገር አላየሁም።

ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ፣ አስራ ሶስት አስራ አራት አመት ሚሆናቸው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ እፅዋት ጥናቱ ትንሽ ንገሯቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ እፅዋት ሚመዘገብበት ትልቅ ስራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው ያለቀው፣ ወደ 6000 ገደማ የእፅዋት አይነት ነው የተመዘገበው፣ ከነዚህ አስር በመቶ ያህሉ የትም አለም የሌሉ የኛ ብቻ ናቸው። ስራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፣ ጉለሌንም የመሩት እሳቸው ነበሩ። የደረቁት ናሙናዎች ሚቀመጡበት ብሄራዊ ሄርባሪየም ደሞ እዚሁ እኛ ሰፈር አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ነው፣ በየቀኑ በአጥሩ ስር እናልፋለን። ልጄ ይሄን ስነግራት "እና ለምን አንገባም?" አለች፣ እኔም ትንሽ ከፍ በይና በትምህርት ቤት በኩል ትገቢያለሽ አልኳት።

መሀል ከተማ ፓርኮች

አንድነት ፓርክ በ2012 ነው የተከፈተው፣ ወዳጅነት ደሞ አንድ አመት ገደማ ቆይቶ። ለኛ ለአራት ኪሎ ሰዎች ቅርብ ናቸው፣ መንገዳቸው ለህፃን ጋሪ ይመቻል፣ ሽንት ቤት አለ፣ አያት ይዞ ለመሄድም አይከብድም። ከአምስት አመት በታች ልጅ ያለው ሰው ሌላ ቦታ አያስብ፣ እዚህ ይሂድ። ለዘር ጉዳይ ግን ብዙም ሚጠቅሙ አይደሉም፣ ሳሩ አበባው ተስተካክሎ የተተከለ ነው፣ የልጁ እጅ ምንም አይነካም። እኔ ምጠቀምበት መንገድ፣ ፓርክ ሄደን ምሳ በልተን፣ ዘሩን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፣ በትንንሽ ፖስታ አምስት አይነት፣ አይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳስሰው እንዲለዩ አደርጋለሁ፣ ሽምብራ አፍንጫ አላት፣ አብሽ ጥግ ጥግ ያላት ናት፣ ተልባ ታንሸራትታለች። ትንሹ ልጄ አሁን ተልባን በጣቱ ብቻ ያውቃታል። ለዚህ ጨዋታ ወር አይመረጥም።

ዝናብ ከያዛችሁ ወይም ሀምሌ ላይ ልጆቹ ቤት ውስጥ ከታፈኑ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው ሙዚየም አለ፣ የድሮው የጃንሆይ ቤተ መንግስት፣ እዛ ያሉትን የገጠር የቤት እቃዎች ከዘር ጋር አያይዛችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ቅል ምን ይያዝበት ነበር፣ እህልስ የት ይቀመጥ ነበር እያላችሁ። አንድ ሰአት ይበቃል።

ሾላ ገበያ

ይሄን ሰው አይገምተውም ግን ለስምንት አመት ልጅ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ብዙ ሚያስተምረው ገበያ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ልጅ ይዤ አልሄድም፣ ሸክም የያዘ ሰው ይመጣል፣ መኪና ይመጣል፣ ልጅ ይጋፋል። ሾላ ጠዋት በማለዳ ከሆነ ይቻላል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እፍኝ ብላችሁ አስር አይነት ግዙ፣ ነጭ ጤፍ፣ ቀይ ጤፍ፣ ሰርገኛ፣ ድፍን ምስር፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ጎመን ዘር፣ ድንብላል፣ አብሽ። እና ሻጯን "እትዬ፣ ይሄ ከየት ነው የመጣው?" ብሎ ልጁ ራሱ ይጠይቅ። ሴቶቹ ሲመቻቸው ሚነግሩት ነገር ብዙ ነው፣ ይሄ የአዳ ነው፣ ይሄ የጎጃም ነው፣ ይሄ ለእንጀራ ይሄ ለገንፎ ነው እያሉ።

ቤት ስትመለሱ ሚሰራ ነገር ልንገራችሁ፣ ድፍን ምስርና ምስር ክክ ለየብቻ እርጥብ ሶፍት ላይ አርጉና ሳህን ላይ አስቀምጡ። ድፍኑ በሶስት በአራት ቀን ይበቅላል፣ ክኩ ይበሰብሳል። ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ያኔ የዘር ውስጡ ምን እንዳለ ከፍታችሁ ማሳየት ነው። ከቆሎም አንድ ፍሬ ጨምሩበት፣ የተቆላ ዘር ህይወት እንደሌለው በአይኑ ያያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይሄን በደንብ አንብቡት። ለመዝሪያ ተብሎ ሚሸጥ ዘር አንዳንዴ ቀይ ወይ ሮዝ ወይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ይሆናል። እሱ መድሀኒት የተለወሰ ነው፣ መርዝ ነው፣ ልጅ እንዳይነካው እንዳይቀምሰው። ለልጅ ሚሆነው ለመብል ሚሸጠው፣ ያልተቀባ፣ ያልተከካ ያልተቆላ ነው።

የገበያው ጥሩ ወቅት ከህዳር እስከ ጥር ነው፣ አዲስ ምርት ሚገባበት። በሰኔ ስትሄዱ ነቀዝ የበላው ያጋጥማችኋል፣ እሱም ትምህርት ነው ግን አይበቅልም።

የራሳችን ግቢ

እኔ ልቤ ያለው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ብፅፍ አትፍረዱብኝ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ነው። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፣ አንድ አመት ለጥቅምት ሚካኤል ከአገሯ ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አንድ እፍኝ ገብስ አመጣች፣ ሰነፍ ቆሎ ነው ሚሉት፣ ገለባው ከፍሬው ቶሎ ሚላቀቅ፣ ሰነፍም ሴት ብትሆን ሳትደክም ትቆላዋለች ለማለት ነው ስሙ። ልጄ ስሙን ስትሰማ ሳቀች፣ ከዛ ሌላ ስም ያለው አለ ወይ አለች። አለ እንጂ! ወሎ ውስጥ ስንዴ ለምኔ ሚባል ማሽላ አለ፣ ወተት በጉንጬ ሚባልም አለ። እነዚህ ስሞች ለጨዋታ ብቻ የወጡ አይደሉም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከወሎ በተገኙ ሁለት የማሽላ አይነቶች ውስጥ ላይሲን ሚባለው ለሰውነት ግንባታ ሚያስፈልገው ነገር ከሌላው ማሽላ በጣም ከፍ ብሎ አግኝተዋል። ገበሬው ላቦራቶሪ ሳይኖረው በምላሱ ለይቶ ስም ሰጥቶታል ማለት ነው። ስንዴ ለምኔ!

በዛ አመት ገብሱን በሀምሌ መጀመሪያ ግቢያችን ጥግ ላይ ዘራነው፣ በር ማታክል መሬት ናት፣ ህዳር ላይ አጨድን። አንድ እፍኝ ገብቶ ሶስት እፍኝ ወጣ፣ ወፍም በልቶ። ያኔ ጎረቤቶቹን ጠራን፣ ቡና ተፈላ፣ ቆሎው ተቆላ፣ እና ሁሉም ከቤቱ የሆነ ዘር ይዞ ይምጣ አልን። እንደዚህ ነው የዘር ቀናችን የተጀመረው፣ አሁን በየአመቱ ህዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ነው ምናረገው። ውጭ አገርም እንደዚህ ያረጋሉ፣ አሜሪካኖቹ የዘር መለዋወጫ ቀን ብለው የጃንዋሪን የመጨረሻ ቅዳሜ ይዘዋል፣ እነሱ ከክረምታቸው በኋላ ሊዘሩ ሲዘጋጁ ነው። የኛ ወቅት ሌላ ነው፣ የኛ ምርት ሚሰበሰበው ህዳርና ታህሳስ ስለሆነ ዘሩ ትኩስ ሆኖ እጅ ላይ ያለው ያኔ ነው፣ እሸቱም ያኔ ነው። የነሱን ቀን ገልብጦ መውሰድ አያስፈልግም።

አንዴ አንድ የሰፈራችን ታዳጊ፣ አስራ አምስት አመቱ ይሆናል፣ "አሁን ይሄ አሮጌ ዘር ምን ይጠቅማል፣ አዲስ የተሻለ እያለ?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ማንም ሊጠይቀው ይገባል። መልሱን የሰጡት ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው፣ ግብርና ሰርተው ያውቃሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስ ቢጫ አቀጭጭ ሚባል ቫይረስ ማሳውን ሲጨርስ መቋቋሚያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው አሉት፣ ያን ገብስ ያቆየው ማንም ስሙን ማያውቀው ገበሬ ነው። ቫቪሎቭ ሚባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1927 እዚህ ድረስ የመጣው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ከራስ ተፈሪ ጋር የተገናኘው፣ ይሄንኑ ዘር ፍለጋ ነው። ከዛ በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው የዘሩን እህል እስከመብላት ሲደርስ እነ ዶክተር መላኩ ወረደ የቀረውን ዘር እየዞሩ እየሰበሰቡ ጂን ባንክ ሚባለው የዘር ማከማቻ ውስጥ አስቀመጡት፣ ከዛም ለገበሬው መልሰው እንዲዘራ አረጉ፣ ዶክተር መላኩ በዚህ ስራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሚባለውን አለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ጂን ባንኩ ዛሬም እዚሁ ከተማችን የብዝሀ ህይወት ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማ፣ ሲሄድ ግን ሁለት ፖስታ ጠይቆ ወሰደ።

አሁን የትኛውን ዘር ለየትኛው ልጅ ወደሚለው ልግባ፣ ጓደኞቼ በጣም ሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ትዕግስት የሌለው ልጅ ካላችሁ፣ ማለትም ሁሉም ልጅ፣ ጎመን ዘር ስጡት። በሶስት በአራት ቀን ብቅ ይላል፣ በወር ተኩል ገደማ ቅጠሉን ቀጥፎ እራት ላይ ያየዋል። በሶብላም ለድስት ጥሩ ነው፣ ልጁ በነካው ቁጥር ይሸተዋል፣ ሽሮ ሲሰራ "የኔ በሶብላ ገባበት?" ይላል። ባቄላ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ የአዲስ አበባን ብርድ ይወደዋል፣ አበባው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲወጣ በጣም ያምራል። ግን ሁለት አይነት ባቄላ ጎን ለጎን ከተከላችሁ ንብ ታቀላቅለዋለች፣ የእማማን ባቄላ ንፁህ አድርጎ ማቆየት ሚፈልግ አንድ አይነት ብቻ ይትከል። ገብስና ጤፍ ይሄ ችግር የለባቸውም። ጤፍን ለማየት ብቻ እንኳን ብትዘሩት ደስ ይላል፣ በክብደት 150 የጤፍ ፍሬ ናት አንድ የስንዴ ፍሬ ምታክለው፣ ልጄ ቆጥራ በወጥ ቤት ሚዛን ልትመዝን ሞክራ ሚዛኑ አላነበበላትም። አበባዋ ደሞ ሚከፈተው በማለዳ ከ12 ሰአት ከ45 እስከ አንድ ሰአት ተኩል ገደማ ነው፣ ይሄን እ.ኤ.አ. በ1974 ያረጋገጡት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው፣ ከዛ በፊት ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። ትምህርት ቤት ከመሄድ በፊት ልጅ ቀስቅሶ ጤፍ አበባ ማሳየት ማንም ያላደረገው ነገር ነው፣ አድርጉት።

ዱባ ልጆች ይወዱታል ግን ቦታ ይበላል፣ ለኮንዶሚኒየም በረንዳ አይሆንም፣ ደግሞም ከጎረቤት ዱባ ጋር ይዳቀላል። በርበሬ በኛ ብርድ ይጎትታል። ኮረሪማ ጥላና አመታት ይፈልጋል፣ ለልጅ አትስጡ። እንሰት ደሞ ሰው ከፍሬ አይደለም ሚያባዛው፣ መሬት ውስጥ ካለው ግንዱ፣ ከአምቾው ነው፣ የጉራጌ ወይ የሲዳማ ጎረቤት ካላችሁ እሱ እንዲያስረዳ ጋብዙት፣ ዘር ማለት ሁልጊዜ ፍሬ እንዳልሆነ ልጆቹ ይገባቸዋል።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፦ አስር ሊትር ባልዲ ታችዋን ቀድዶ ገብስ ይዘራባታል፣ ባቄላም ሁለት እግር ይይዛል። ፀሀይ ሚያገኝ በረንዳ ይኑራችሁ እንጂ መሬት የለኝም ብላችሁ አትተዉት።

ዘሩን ለማቆየት እናቶቻችን ሚያረጉትን አርጉ። በደንብ አድርቁት፣ ጥርስ ላይ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ሚልመጠመጥ ከሆነ ገና ነው። ጥራጥሬ ከሆነ ከተነፋ አመድ ጋር ቀላቅላችሁ ማስቀመጥ ነቀዝን ይከላከላል። ላስቲክ ውስጥ እርጥብ ዘር አታፍኑ፣ ይሻግታል። ፖስታው ላይ አምስት ነገር ፃፉ፣ የዘሩ ስም፣ ማን ሰጠ፣ ከየት አገር መጣ፣ የታጨደበት ወር፣ ለምን ምግብ ይሆናል። የመጨረሻዋን አትርሷት፣ ለቂጣ ነው ለቆሎ ነው ለጠላ ነው ያልተባለ ዘር በሁለት አመት ውስጥ ወንበር ስር ይረሳል፣ አይቻለሁ። ከመዝራታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ደሞ አስር ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ሶፍት ላይ አርጉና ስንቱ እንደበቀለ እዩ፣ ስምንት ከሆነ ድንቅ ነው፣ አራት ከሆነ ጠቅጠቅ አርጋችሁ ዝሩ።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው ያለኝ ካላችሁና ልጃችሁ ከአምስት አመት በታች ከሆነ፣ ፓርክ ከአምስት ፖስታ ዘር ጋር። ልጁ ሰባትና ከዛ በላይ ከሆነና ወሩ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ህዳር ከሆነ፣ ጉለሌ፣ ግን በጠዋት ውጡ፣ በቡድን ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ሚያስረዳ ሰው ካገኛችሁ ቀኑ እጥፍ ይሆናል። ገንዘብ ካጠራችሁ ወይም ጥር ላይ ከሆናችሁ፣ ሾላ። ሁለት ቅዳሜ ካላችሁ ግን ሌላ ነገር አታስቡ፣ አንዱን ሀምሌ መጀመሪያ ለመዝራት፣ አንዱን ህዳር ለማጨድና ለመለዋወጥ፣ እዛው ግቢያችሁ ወይ በረንዳችሁ ላይ። በመሀል ያሉት አራት ወራት ልጁ ጠዋት ጠዋት በራሱ ነው ሚነሳው።

በልግ ላይ፣ መጋቢት ሚያዝያ፣ ትንሽ ዝናብ ሲመጣ ጎመንና ድንብላል ለመጀመር ይሆናል፣ እኛ ጋ ፆም ስለሆነ ጎመኑ ቶሎ ስራ ላይ ይውላል። ብቻ ለፋሲካ ሰሞን ፕሮግራም አትያዙ፣ ማንም አይመጣም።

የዘር ቀን ምታዘጋጁ ከሆነ ደሞ አንድ ህግ ብቻ ያዙ፣ ዘር የወሰደ ሰው በሚቀጥለው አመት ከምርቱ ይመልሳል፣ የወሰደውን ያህል ወይም ትንሽ ጨምሮ። ገጠር ያሉት የገበሬ ዘር ባንኮች እንደዚህ ነው ሚሰሩት፣ ምስራቅ ሸዋ እጄሬ ያለውም በዚሁ መንገድ ነው፣ ዘር ተበድሮ ከነጭማሪው በዘር መመለስ። እኛ ደብተር አለን፣ ትልቋ ልጄ ናት ፀሀፊዋ። የመጨረሻው መስመር ላይ ያ አስራ አምስት አመቱ ልጅ አለ፦ ሁለት ፖስታ፣ ሰነፍ ቆሎና ባቄላ፣ ሚመለሰው ህዳር። ባለፈው ሳምንት በራችን አንኳኩቶ ባቄላው አበባ አወጣ፣ ንቡ ጥሩ ነው ወይ መጥፎ ነው ብሎ ጠየቃት።